ከጧፉ ወዲያ፦ ሰዓታት ዘሌሊት በጋስጫው ሊቅ አገር

ስለ ጨለማና ብርሃን ሲነሣ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ነው። ተረቱ ያጽናናል፤ የሚያጽናናው ግን ሌሊቱን በማሳጠር ነው። ሰውየው እስኪነጋ ምን እያደረገ ይደር? እዚህ ላይ ዝም ይላል። ይህን ጥያቄ ከልቡ የያዘው ሊቅ የበቀለው ከእነ አጅባርና መካነ ሰላም አገር፣ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው።

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በቦረና ተወለደ፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማረ፤ በ1424 እ.ኤ.አ. «መጽሐፈ ምሥጢር»ን ፈጽሞ በዓመቱ ግድም ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 7 ቀን ታስበዋለች። «የኢትዮጵያ ቄርሎስ» የሚለው ስሙ መናፍቃንን የሚረታውን ተከራካሪ አጉልቶ ሌላውን ጊዮርጊስ ጋርዶብናል። ለእኔ ትልቁ ሥራው «መጽሐፈ ሰዓታት» ነው። ቀድሞ ከግብጽ የመጣ ሰዓታት ነበር፤ ዛሬ በየደብሩ ሌሊት ሲቆም የምንሰማው ግን የእሱን ነው።

ሰዓታቱ ጨለማን አያባርርም፤ ይከፍለዋል። መዝሙሩ፣ ከብሉይና ከሐዲስ የሚነበበው፣ የእመቤታችን ውዳሴና ተአምሯ፣ ምልጃው እየተከታተሉ ሌሊቱን ተራ ያስይዙታል። ያዘነ ሰው እንደሚያውቀው፣ የሌሊት ክፋቱ ማለቂያ የሌለው መምሰሉ ነው። እዚህ ግን ሌሊቱ «እዚህ ደርሰናል» የሚባልበት ቦታ አለው። መጽናናቱም በስሜት ላይ አልተንጠለጠለም፤ ልቡ የደረቀበት ካህንም ተራው ሲደርስ ያዜማል። ቋንቋችን ራሱ ይህን ልብ ብሏል፤ ሰዓታት «ይቆማል» እንጂ «ይነበባል» አንልም። ዛሬ በየድምፅ ማጉያው በአሥር ደቂቃ እንባ አብሶ የሚያሰናብተው ስብከት እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም።

ብርሃኑስ ከወዴት ነው? በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ በቀን፣ የቃል ትምህርት በሌሊት ነው። የቆሎ ተማሪው ቀን ቁራሽ ለምኖ ማታ መምህሩ ከሚለው እየተቀበለ ይደግማል፤ መጽሐፍ የለም፣ መብራትም አያስፈልግም። ሰዓታቱን በቃሉ የያዘ ሰው ከጧፉ ርቆ በመቋሚያው ተደግፎ ማዜም ይችላል። ጧፉ የሚያስፈልገው ምንባቡን ለሚያነበው ነው። ስለዚህ በዚህ ትውፊት ውስጥ ጨለማ ብርሃን የጎደለበት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የብርሃኑን ቃል የምንማርበት ሰዓትም ነው።

ሌላው ድርሰቱ «ኆኅተ ብርሃን» ይባላል፤ የብርሃን ደጅ ማለት ነው። መብራት አላለም፣ ደጅ አለ። መብራት ያለንበትን ቤት ያሳየናል፤ ደጅ ግን ቆመን እንድንጠብቅበት፣ ሲከፈትም እንድንገባበት ነው። በስተጀርባው የሕዝቅኤል ምዕራፍ 44 የተዘጋው የምሥራቅ በር ይታያል፤ በእመቤታችን የሚተረጎመው ይኸው በር ነው። የተዘጋ በር የተስፋ ምልክት መሆኑ እንግዳ ነገር ነው፤ ደጅ ጥናት ለሚያውቅ አገር ግን እንግዳ አይሆንም።

የጊዮርጊስ ገድል ደግሞ ጨለማውን ወደ ልጅነቱ አምጥቶታል። ትምህርት አልገባው ብሎ ለዓመታት ተቸገረ፤ በገዳሙ እህል ይፈጭ ነበር፤ ኋላ እመቤታችን ጽዋዐ ልቡና አጠጣችው ይላል። አእምሮው የዘገየ ሕፃን ኋላ ሊቅ መሆኑ በቅዱስ ያሬድም ታሪክ አለ፤ ስለዚህ ይህን እንደ ሕይወት ታሪክ ከመቁጠሬ በፊት የገድል ጸሐፊዎች ልማድ አድርጌ አየዋለሁ። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ያሬድ ዛፍ ከምትወጣ ትል ጽናትን ይማራል፤ ትሏ ወድቃ ወድቃ ትደርሳለች። የጊዮርጊስ ወፍጮ ግን የትም አያደርስም፤ መጁ እዚያው ይመላለሳል፤ የተፈጨው ይበላና ነገ እንደገና ይፈጫል። ሰዓታቱም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ሌሊት የተቆመው ለነገ ሌሊት አያገለግልም።

ይህ መጽናኛ ወሰን አለው። ሰዓታት የሚቆም ሰው ይፈልጋል፤ ካህን፣ ዲያቆን፣ ተማሪ። የ1966ቱና የ1977ቱ ክፉ ቀን ወሎን ሲበትነው ረሃቡ እንጀራ ብቻ አልነጠቀም፤ አብሮ የሚቆመውንም ሰው ነው የነጠቀ። ለብቻ የቀረ ሰው በቃሉ የያዘውን ሊደግም ይችላል፤ ተቀባይ ግን የለውም።

በገድሉ አንድ ነገር ደጋግሞ ያስቆመኛል። በደጋው ኑሮ መፍጨት የሴት ሥራ ነው፤ የወፍጮ ሞተር ከመምጣቱ በፊት ሴቲቱ ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ መጁን ታነሣ ነበር። ገድሉ ቅዱሱን ያስቀመጠው በእሷ ቦታ ነው። ሰዓታቱ በደብሩ ሲቆም እሷም ነቅታለች፤ መጁን ገፋ መለስ እያደረገች ታንጎራጉራለች። ደወሉ ሲሰማ የትኛው ሰዓት ላይ እንደደረሱ ታውቃለች፤ እፍኝ እህል ትጨምርና ትቀጥላለች።