ምጣዱ ከመገዛቱ በፊት

ሰው ለኤሌክትሪክ ምጣድ ባለሙያ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ምጣዱ ከተገዛ በኋላ ነው። ከደሴ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ይመጣል፣ ማድቤት ጥግ ይቀመጣል፣ ጎረቤት እየገባ ያየዋል፤ ከዚያ ስልክ ተደውሎ «ና ግጠምልን» ይባላል። እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥና ወደ አምባሰል በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ቤቶች መስመር የምዘረጋ፣ ምጣድ የምገጥም ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ ስኖር ከሁሉ በላይ ያመንኩበት ነገር ቢኖር ባለሙያው መጠራት ያለበት ከግዢው በፊት መሆኑን ነው። ለአንድ ቤት የሚሆነውን ምጣድ የሚወስነው የቤቱ መስመር እንጂ ባለሱቁ አይደለም።

ምክንያቱ የቁጥር ጉዳይ ነው። በገበያ ላይ ያለው ባለ አንድ ሸክላ የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 4,000 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 18 አምፔር ይሆናል። የቤታችን አምፖሎች፣ ቴሌቪዥኑና የስልክ ቻርጀሩ ሁሉም አንድ ላይ ቢበሩ እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርሱም። ብዙው ቤት ግን መስመሩ የተዘረጋው ለእነሱ ነው፤ ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ዕድለኛ ከሆነ ለሶኬት ባለ 2.5። ግድግዳ ላይ ያለችው ተራ ሶኬትም ብትበዛ 16 አምፔር ተብሎ የተጻፈባት ናት። 18 አምፔር ለአንድ ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት ሲያልፍባት ምን እንደምትሆን ማየት የፈለገ ሰው፣ ምጣድ ሲሠራባት የቆየችን ሶኬት ፈቶ ይመልከት። ፊት ለፊቷ ደህና ትመስላለች። ክዳኗ ሲነሳ ግን አንደኛው የስፒና ማስገቢያ በኩል ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ አረፋ አውጥቷል፤ የሽቦው ልባስ ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ መዳቡ ብርሃኑን አጥቶ ጠቁሯል። ከዚያች ሶኬት በስተጀርባ ያለው ደግሞ እንጨትና ጭድ ነው። የእኛ አገር ቤት ግድግዳ በእንጨትና በጭቃ የሚሠራ እንደመሆኑ፣ ሽቦ ሲግል የሚያገኘው የደረቀ ማገር ነው። በዲቫይደር ምጣድ የሚሰኩ ሰዎች ሳይ እኔ ቡና ተጋብዤ እንኳ ቁጭ ማለት ያቅተኛል።

ስለዚህ ስጠራ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ማድቤቱ ሳይሆን ወደ ቆጣሪው ነው። ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ የቤቱ መዳብ ነው። ሁለቱ በእጅ ተጠማዘው በናስትሮ ከተጠቀለሉ መገናኛው ውሎ አድሮ ይዝጋል፣ ይላላል፣ ይግላል። በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ መያያዝ አለባቸው። ቀጥሎ ከቆጣሪው እስከ ማድቤቱ ያለውን ርቀት በሜትር እለካለሁ። በእኛ በኩል ማድቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ከጓሮ ይሠራል፤ ጭሱ ወደ መኝታ እንዳይገባ ተብሎ የተለመደ ጥሩ ልማድ ነው። ለኤሌክትሪክ ግን ይህ ርቀት ዕዳ አለው። በባለ 1.5 ሽቦ 30 ሜትር ከሄድን 18 አምፔር ሲያልፍ መንገድ ላይ 13 ቮልት ይቀራል፤ ያም ማለት ከ230 ዋት በላይ ሙቀት እንጀራ ሳይጋገርበት ግድግዳው ውስጥ ይቀልጣል፤ ሂሳቡም በቆጣሪው ይታሰባል። ቅርብ ለሆነ ማድቤት ባለ 4፣ ለራቀው ባለ 6 ሽቦ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ለምጣዱ ብቻ የተለየ 25 አምፔር ብሬከር፣ መንገዱን ሁሉ በፒቪሲ ቱቦ፤ ይህን ሳልጽፍ ወደ ሌላው አልሄድም። ባለቤቱ ዝርዝሩን ሲያይ «ሽቦው ከምጣዱ ሊበልጥ ነው እንዴ?» ይላል። አንዳንዴ ይበልጣል። ታዲያ ከግዢው በፊት ቢጠራኝ ኖሮ ገንዘቡን ለሁለቱ አካፍሎ ያስብ ነበር፤ አሁን ግን በእጁ የቀረው ለቀጭን ሽቦ ብቻ የሚበቃ ሆኖ ያገኘዋል።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን የቮልቴጅ ማነስ በሴቶች ላይ የሚያደርሰው በደል ነው። በደል ያልኩት አውቄ ነው። የምጣድ ኃይል ከቮልቴጅ ጋር እኩል አይወርድም፤ በእጥፍ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ከ220 ወደ 180 ቮልት ስንወርድ የቀነሰው ከአምስት አንድ እንኳ የማይሞላ ይመስላል፤ ምጣዱ ግን ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። እንጀራ ዐይን የሚያወጣው ሊጡ የጋለ ሸክላ ላይ ሲያርፍ ውስጡ ያለው አየር በፍጥነት ሲወጣ ነው። ሸክላው ካልጋለ ዐይኑ ይደፈናል፣ ጀርባው ይነጣል፣ ሲነሳ ይቀደዳል። ያኔ ምጣዱን የሚጠረጥር የለም። አብሲቱ ቀጥኖ ነው፣ እርሾው አርጅቶ ነው፣ እጇ አልሆን ብሎ ነው ይባላል።

ከሐይቅ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ቤት ተጠርቼ ስሄድ ያገኘሁት ይህንን ነበር። እናትየዋ በር ላይ ተቀበሉኝና «ልጄ፣ ይህ ምጣድ አርጅቶ እንደሆን እየውልኝ፤ እኔስ ምራቴን ስቆጣት ከረምኩ» አሉኝ። ምራታቸው አንገቷን ደፍታ ሊጥ ታማታለች። «እማማ፣ እስቲ እየጋገረች ልየው» አልኳቸው። የመጀመሪያው እንጀራ ዐይናም ሆኖ ወጣ፤ ሁለተኛውም ደህና ነው። ከሦስተኛው ጀምሮ ደፈነ። ሊጡ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። አንድ ሊጥ መጀመሪያ አምሮ ኋላ ከደፈነ ጥፋቱን በሸክላው ሙቀት መፈለግ ይገባል፤ ምጣዱ አንዱን እንጀራ ካወጣ በኋላ ለሚቀጥለው የሚሆን ሙቀት መልሶ አልያዘም ማለት ነው። ቴስተሬን አወጣሁ። ምጣዱ እየሠራ ቆጣሪው ጋ 212 ቮልት፣ ምጣዱ ጋ ደግሞ 186። ሃያ ስድስት ቮልት በጓሮው መካከል ጠፍቷል። መስመሩን ስከተል አርባ ሜትር የሚያልፍ ባለ 1.5 ሽቦ ሆኖ አገኘሁት፤ ከመካከሉ በናስትሮ የተቀጠለ ቦታ አለ፤ ናስትሮው ተቃጥሎ ሽቦው ላይ ተጣብቋል። 4,000 ዋት የተባለው ምጣድ በዚያ ቮልቴጅ የሚሰጠው 2,900 እንኳ አይሞላም። ሽቦውን በባለ 6 ቀየርነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሊጥ፣ መሶቡ እስኪሞላ ተጋገረ። እናትየዋ አንዱን እንጀራ በሰፌድ ላይ ዘርግተው ሲያዩ ቆዩና ለምራታቸው «አውፍ በይኝ» አሏት። እኔ ለሙያዬ ያለኝ ክብር ከዚያ ቀን ወዲህ ጨምሯል።

ሁልጊዜ ግን ጥፋቱ ከግቢ ውስጥ አይገኝም። ከትራንስፎርመሩ ርቀው በመስመሩ ጫፍ ያሉ መንደሮች አሉ፤ እዚያ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ሲለኩስ ቆጣሪው ላይ ራሱ ቮልቴጁ ይወርዳል። ለዚህ የእኔ ሽቦ መድኃኒት አይሆንም። የምመክረው ሰዓት መለወጥ ነው፤ ማለዳ ወይም ረፋድ ላይ፣ ከጎረቤት ጋር ተራ ይዞ መጋገር። የሕዳሴው ግድብ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል ሰምተን ሁላችንም ደስ ብሎናል። ብዙ ደንበኞቼ ከዚያ ወዲህ «አሁንማ ኃይል ሞልቷል» ይሉኛል። ኃይሉ ቢሞላም ወደ ማድቤቱ የሚገባው በዚያችው ጓሮ በተዘረጋች ሽቦ ነው፤ ሽቦዋን ደግሞ ማስቀየር ያለበት ባለቤቱ ነው።

ኧርዝ የሚባለውን ሦስተኛ ሽቦ በተመለከተ ከማንም ጋር አልደራደርም። የምጣዱ አካል ቆርቆሮ ነው፤ ጋጋሪዋ እጇ በሊጥ የራሰ ነው፤ የማድቤቱ ወለል አፈር ነው፣ ብዙ ጊዜም እርጥብ። የውስጡ ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር ቢነካካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርደው በእሷ በኩል ነው። የመዳብ ዘንግ ጥልቅ አድርጎ እርጥበት ያለው ቦታ ላይ መቅበርና ከምጣዱ አካል ጋር ማሰር፣ ደግሞም ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጠውን ብሬከር መጨመር ነው መፍትሔው። አንዳንድ ገጣሚ ሽቦ ለመቆጠብ የምጣዱን አካል ከኒውትራሉ ጋር ያገናኘዋል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ቆርቆሮው በሙሉ ነዝሮ የሚገድል ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቤታችሁ ሲገባ ካያችሁ አስቁሙት።

ወደ ምጣዱ አቀማመጥ ስመጣ አዛዧ ጋጋሪዋ ናት። ለባልየው «የት ይቀመጥ?» ብዬ አልጠይቅም። የምትጋግረው እሷ ናትና እሷን አስጠርቼ ሊጥ መቅጃዋን ባዶውን አስይዣት እንደምታሰፋ አድርጊ እላታለሁ። ቆማ የምትጋግር አለች፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የለመደች አለች፤ በግራዋ የምታሰፋም አለች። ክንዷ ሳይንጠለጠል ከምጣዱ ማዶ ጠርዝ መድረስ አለባት፤ አክንባሎውን ስታነሳ እንፋሎቱ ፊቷን እንዳይመታ የሚወጣበት መስኮት ማዶ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ የበሰለውን የምታሳርፍበት ሰፌድ በየትኛው ጎኗ እንደሚሆንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ማብሪያ ማጥፊያው እጇ ከሚደርስበት፣ ሊጥ ግን ከማይረጭበት ቦታ ይሆናል። ከዚያ ውኃ ልኬን ሸክላው ላይ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ጊዜ በቁመት፣ አንድ ጊዜ በወርድ። ሊጥ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሀል የሚፈስ ስለሆነ ምጣዱ ጥቂት ካዘመመ በአንድ በኩል ይወፍራል፣ በሌላው ይሳሳል፤ ወፍራሙ ሳይበስል ቀጭኑ ይደርቃል። ከእግሩ ሥር ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ መጨመር የሚያድነውን ነገር ሰው አያውቀውም።

አዲስ ምጣድ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሙቀት አይወድም። ሽቦውን ከሥር የሚይዘው ጀሶ እርጥበት ሊኖረው ይችላል፤ ሸክላውም እንዲሁ። ክዳኑን ከፍቼ ለጥቂት ደቂቃ አበራለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እንዲበርድ እተወዋለሁ፤ እንፋሎቱ ማለቁን ካየሁ በኋላ ነው ማሟሸቱ የሚጀመረው። ከዚህ በኋላ ያለው የእሷ ሙያ ነው። ጎመን ዘሩ ይፈሳል፣ እየታሸ ይጠቁራል፣ ሸክላው ቅባቱን ይጠጣል፣ ይጠረጋል፤ እንደገና ይደገማል። በደንብ ያልተሟሸ ምጣድ ላይ እንጀራው ስለሚይዝ ደንበኛዬ መልሳ የምትወቅሰው እኔን ነውና አልቸኩልም፤ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የመጀመሪያው እንጀራ እስኪወጣ ሂሳቤን አልቀበልም። ሌሎች ገጣሚዎችም ይህን ቢያደርጉ እወዳለሁ።

ባለቤቶች ብዙ ጊዜ «እንግዲህ ጉልቻውን እናንሳው?» ይሉኛል። አታንሱት እላለሁ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እኛ አካባቢ ሲደርስ መብራት ለሳምንታት ጠፍቶ የነበረበትን ጊዜ እዚህ የማያስታውስ የለም፤ ምጣድ ተሸፍኖ ተቀምጦ ሰው ኩበትና ጭራሮ ፍለጋ ወጥቷል። እንዲያውም ጉልቻውን በምርጥ ምድጃ ለውጡት። በ1980ዎቹ እዚሁ አገራችን የተሠራ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቀረጽ ምድጃ ነው፤ አራቱ ቁራጭ ምጣዱን ከብበው ይይዛሉ፣ ሁለቱ ከኋላ የድስት ማሳረፊያና የጭስ መውጫ ይሆናሉ። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። መስመር ያልደረሰባቸው የአምባሰል ደጋ ቀበሌዎች ውስጥ ዘመድ ስጠይቅ የማየው ችግር ምድጃው ሳይሆን አቀማመጡ ነው፤ ቁራጮቹ መካከል ክፍተት ቀርቶ ነበልባሉ በጎን ይወጣል። መጋጠሚያው በጭቃ በደንብ መመረግ አለበት፤ ምጣዱም ዙሪያውን ሳይንጋደድ መግጠም አለበት፤ ማገዶ ማስገቢያው ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መዞር የለበትም። ለዚህም ባለሙያ ይጠራ።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልጨምር። ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ይህ ብቻውን የታሪፉን የመጀመሪያ እርከን ይሞላዋል፤ ፍጆታው ከዚያ ካለፈ በየእርከኑ ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ ሊጡ ሁሉ ደርሶ በአንድ ጊዜ እንዲጋገር ማድረግ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ማጥፋት ጠቃሚ ነው፤ ሸክላው ለእነሱ የሚሆን ሙቀት ይዞ ይቆያል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በምጣድ መስመር ላይ ያለ ብሎን ሁሉ በጋለና በበረደ ቁጥር ይላላል። የመጀመሪያው ወር ካለፈ በኋላ እመለሳለሁ፤ ብሬከሩን አውርጄ፣ በቴስተር መጥፋቱን አረጋግጬ፣ ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ ያለውን ማሰሪያ አንድ በአንድ በካቻቢቴ አጠብቃለሁ። የዚህን ዋጋ ከመጀመሪያው ስምምነት ውስጥ አስገባለሁ። ምጣድ ልታስገጥሙ ስትስማሙ ባለሙያውን «መቼ ትመለሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ቀን ካልነገራችሁ ሌላ ፈልጉ።