ከሥሩ ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ሲቀር

ሥሩ ገና ያልሟሟ የታችኛውን ሁለተኛ የወተት መንጋጋ በቅርብ ያየ ሰው መገረሙ አይቀርም። አናቱ አጭርና ድቡልቡል ነው። ሥሮቹ ግን ቀጫጭንና ጠፍጣፋ ናቸው፤ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይለጠጡና ጫፋቸው ተመልሶ ወደ ውስጥ ይቆለመማል፣ እንቁላል እንደ ጨበጡ ጣቶች። የተጨበጠው ደግሞ ነገ የሚተካቸው ቋሚ ጥርስ ነው። ነርቩ የተመረዘበትን ሕፃን የሚያክም ሐኪም ከመርፌ የቀጠነች ፋይል (የሥር መጥረጊያ መሣሪያ) የሚያስገባው በእነዚህ ሥሮች ውስጥ ነው። ጥርሱ ትንሽ ስለሆነ ሥራው ቀላል የሚመስለው ብዙ ነው። በእኔ እምነት ግን በጥርስ ሕክምና ውስጥ ይህን ያህል ቁጥብ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ጥቂት ነው።

ሐኪሙ ድዱን በቅባት አደንዝዞ መርፌውን ቀስ ብሎ ይሰጣል። ከዚያ ጥርሱን በላስቲክ ሸራ ከምራቅ ይለየዋል፤ ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ ያለ ሲሆን ዛሬም የተሻለ አልተገኘለትም። ሸራው ጀርም ወደ ውስጥ እንዳይገባና ፋይል ወደ ሕፃኑ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይከላከላል።

ትልቁ ጥበብ ልኬቱ ላይ ነው። የወተት ጥርስ ሥር ከታች እየሟሟ የሚሄድ በመሆኑ እውነተኛው ቀዳዳ ራጁ ላይ ጫፍ መስሎ ከሚታየው ቦታ ቀደም ብሎ በጎን ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ ሐኪም ከጫፉ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ሲቀረው ይቆማል። በፋይሏ ወገብ ላይ የተሰካችው ትንሽ ጎማ የጥርሱን አናት ስትነካ እጁ አንዲት ፀጉር አያልፍም። ፋይሏንም ወደ ታች አይወጋባትም፤ ግድግዳውን እየጠረገ ወደ ላይ ይስባታል። ወደ ታች በተገፋች ቁጥር የጥርስ ፍርፋሪ፣ የሞተ ሥጋና ጀርም ከሥሩ አልፎ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። ሰውነት ይህን ሲቋቋም አካባቢው ይቆጣል፤ ሕፃኑን ማታ የሚያስለቅሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አጠባው ላይም ጥንቃቄው ያው ነው። ፈሳሹ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በረኪናን በረኪና የሚያሰኘው ንጥረ ነገር ማለት ነው። መርፌው በጎኑ የተበሳ ይሆናል፣ ሥሩ ውስጥ አይወተፍም፣ ፈሳሹም በጫና አይረጭም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ለወተት ጥርስ የመጡት በሞተር የሚዞሩ የኒኬል ቲታኒየም ፋይሎች ፍርፋሪውን በጥምዝምዛቸው ወደ ላይ ያወጣሉ፣ ሥራውንም ያፋጥናሉ። በእጅ ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸሩም ብዙውን ጊዜ ከሕክምና በኋላ ያለው ሕመም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሞተሩ ግን የት እንደሚቆም አያውቅም፤ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

መሙያውም ራሱን የቻለ ብልሃት አለው። ለአዋቂ የሚሞላው ጉታፐርካ እዚህ አይሆንም፤ የወተት ጥርስ መሙያ ከሥሩ ጋር አብሮ መሟሟት አለበት። አንዱ ዚንክ ኦክሳይድን ከዩጂኖል ጋር ማዋሐድ ነው፤ ዩጂኖል እናቶቻችን ለጥርስ ሕመም የሚያስነክሱት የቅርንፉድ ዘይት ዋና ክፍል ነው። ሌላው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአዮዶፎርም ጋር ነው። መሙያው ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል ልኩን ሳያልፍ ተሞልቶ ጥርሱ የብረት ክራውን ይደረግለታል።

የሥራው ዳኛ ሕፃኑ ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማ ዶና ዎንግና ኮኒ ቤከር ያዘጋጁት የሕመም መለኪያ ከሚስቅ እስከሚያለቅስ ስድስት ፊቶች አሉት፤ ሕፃኑ የራሱን ስሜት በጣቱ ያሳያል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በመጀመሪያው ቀን ሲሆን እስከ ሦስተኛው ቀን እየከሰመ ይሄዳል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ ጥርስ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ዕድሜ ድረስ ያገለግላልና «የወተት ነው፣ ይውለቅ» ለማለት አትቸኩሉ። ማደንዘዣው ሳይለቅ ሐኪሙ በልጁ ክብደት ያዘዘውን ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ስጡት፤ የደነዘዘ ከንፈሩንም እንዳይነክስ ጠብቁት። ሕመሙ ከሦስት ቀን በኋላ ከባሰ፣ ወይም በየትኛውም ቀን ጉንጩ ካበጠ ወይም ካተኮሰው ግን የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪሙ መልሱት።