ስለ ሸክላ ልባስና ስለ ቀለሙ ምርጫ

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ከተሞች ገበያ ከተደረደረው ሸክላ መካከል አንዳንዱ ጀበና በቀይና በአረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቶ አየን፤ ሸማቹም አስቀድሞ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። እኛ ግን ሥራውን ልናመሰግን አልቻልንም። ቀለሙ ከሸክላው ጋር አብሮ አልተተኮሰምና፥ ጀበናው ከፍም ላይ ሲጣድ ይጠቁራል፥ ይላጣል፥ ሽታውም ከቡናው ጋር ይደባለቃል።

«እንግዲያውስ እንደ ውጭ አገር ዕቃ በሚያብለጨልጭ ልባስ ይሸፈን» የሚሉ ወዳጆች አሉን። አሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን ልባስ ማለት በእሳት ቀልጦ ብርጭቆ የሚሆን የድንጋይ ዱቄት ስለሆነ፥ አብዛኛው ከ1000 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሸክላ ሠሪዎቻችን በደጅ በእንጨትና በኩበት የሚያነዱት እሳት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አይደርስም። በአነስተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ከጥንት ጀምሮ የተለመደው እርሳስ መጨመር ነበር። እርሳስ ግን መርዝ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው እየሟሟ ይወጣል፤ አረንጓዴ ይሁን ተብሎ መዳብ ሲታከልበት ይብስበታል። ጠላ የሚጠመቅበትን ጋንና ወጥ የሚወጠወጥበትን ድስት በዚህ መልበጥ ከቶ አይገባም።

ጥሩ እቶን ላለው ግን የቀለም ምርጫ ይከፈትለታል። ሰማያዊ የወደደ፥ ከመቶው አንድ እጅ የማይሞላ ኮባልት ይበቃዋል፤ ሆኖም ቻይናዎች እንኳ በ14ኛው መቶ ዓመት ኮባልቱን ከፋርስ ያስመጡ ነበር። ለባሌ የሚቀርበው ብረት ነው። ከጎባ ወደ ሳነቲ ሲወጡ የሚገኘው፥ ከፍታው 4377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው፤ አፈርን የሚያቀላውም የብረት ዝገት ነው። ይኸው ዝገት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ገብቶ አየር ባነሰው እሳት ሲተኮስ ልባሱን አረንጓዴ ያስመስለዋል፤ ወደ አሥር ሲጠጋ ያጠቁረዋል።

በዚያ ገበያ ካየነው ሁሉ የመረጥነው፥ ልባስም ቅብም የሌለውን፥ በጠጠር ተወልውሎ በጢስ የጠቆረውን ጀበና ነበር። አንገቱ ላይ ጥቁረቱ ሳስቷል፤ ሠሪዋ ከጢሱ ትንሽ ቀደም ብላ ያወጣችው ይመስላል። ሆዱ ግን ጥልቅና ወጥ ጥቁር ነው፤ እሳትም አይፈራም። ከተቀባው አጠገብ ተቀምጦ፥ ዋጋው ከዚያ ያነሰ ነበር።