ውሃውን የሚወስነው ማን ነው?

ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣች ልጅ፣ የፎቅ ወለል (ሶሌታ) አርማታ በምንሞላበት ጠዋት ጠጋ ብላ “ጋሼ፣ ውሃውን የሚወስነው ማን ነው?” አለችኝ። አጠገባችን የነበሩት ሳቁ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ አዲስ ተመራቂ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ላፕቶፕ ነው።

ነገሩን አስቡት። ዲዛይነሩ ወረቀቱ ላይ የአርማታውን ደረጃ ሲ-25 ብሎ ጽፏል፣ አማካሪው ማህተሙን አሳርፏል። ሲሚንቶው በከረጢት ይቆጠራል፣ አሸዋና ጠጠሩ በሳጥን ይለካል። ውሃው ግን እንደ መጣለት በባልዲ ይገባል። ባሬላ ተሸካሚዎቹ “ቀጠን አድርገው!” ብለው ሲጮሁ ባልዲ የያዘው ልጅ ይጨምራል። እንግዲህ የሕንፃውን ጥንካሬ የሚወስነው ሳይቱ ላይ ከሁሉ ያነሰ የሚከፈለው ሰው ነው ማለት ነው። ለልጅቷም ይህንኑ ነገርኳት።

አንድ የማከብረው የሙያ ባልደረባ አለኝ፤ ለአዲስ ተመራቂዎች የቅዳሜና እሁድ ሥልጠና ይሰጣል። እንደ ኢታብስና ሬቪት ያሉ የዲዛይን ሶፍትዌሮች፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ኮድ። ዩኒቨርሲቲ ያጎደለውን የምንሞላው በዚህ ነው ይላል። ቡና ይዘን ስንት ጊዜ ተከራክረናል! እኔ እንደማየው ልጆቹ በሶፍትዌር ከእኛ ይበልጣሉ። ሲ 20/25 ሲባል ሃያው የሲሊንደር፣ ሃያ አምስቱ የኩብ ጥንካሬ መሆኑን ከአንዳንድ አንጋፋ መሐንዲስ ቀድመው ይነግሩሃል። ኢንተርንሺፕም ወጥተዋል፤ ፎርማቸው ተፈርሟል። ሚክሰር አጠገብ ቆሞ “ይህን አልቀበልም፣ ይደፋ” ማለትን ግን ማንም አላስተማራቸውም። ይህ ደግሞ በሰርተፊኬት የሚመጣ ነገር አይደለም።

የውሃው ጉዳይ አዲስ አይደለም። ደፍ አብራምስ የሚባል አሜሪካዊ በ1918 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ሆኖ ጽፎታል፦ የአርማታ ጥንካሬ በዋናነት የሚወሰነው ውሃው ከሲሚንቶው ጋር ባለው ምጣኔ ነው። ሲሚንቶ ለራሱ ኬሚካዊ ሥራ የሚፈልገው ውሃ የክብደቱን ሩብ ያህል ነው። የቀረውን የምንጨምረው አርማታው በብረቱ መሃል እንዲገባልን፣ ማለትም ለራሳችን ምቾት ነው። ትርፉ ውሃ ውሎ አድሮ ይወጣና ቦታውን ቀዳዳ አድርጎት ይሄዳል። ለ50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ብለህ ጀምረህ 30 ካደረስከው፣ ከጥንካሬው አንድ አምስተኛ ያህሉን አፍስሰሃል። አምስት ሊትር እኮ ግማሽ ባልዲ እንኳ አይሞላም።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዝናብ የመታው አሸዋ ውሃውን ይዞ ነው ሳጥን ውስጥ የሚገባው። እርጥበቱ አምስት በመቶ ብቻ ቢሆን፣ ለአንድ ከረጢት በምንሰፍረው አሸዋ ውስጥ ስድስት ሊትር ያህል ውሃ አለ። ርጥብ አሸዋ ያብጣልም፤ ሳጥኑ ሞላ ስትል የያዝከው አሸዋ ከደረቁ ያነሰ ነው። አብሬው የሠራሁ አንድ ፎርማን አሸዋውን በጡጫው ጨብጦ፣ መዳፉን ከፍቶ አይቶ “ዛሬ ሁለት ጣሳ ቀንሱ” ይል ነበር። ማንበብ አይችልም። አሸዋውን ላቦራቶሪ ወስጄ ባስፈተሽኩ ጊዜ ግምቱ ያን ያህል አልራቀም። ይህን ሰውዬ ዩኒቨርሲቲ ቢጋብዘው ምን ነበረበት?

የአርማታውን መቅጠን የምንለካበት ስላምፕ ኮን በየሳይቱ መጋዘን አለ፣ ዝጎ። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ዋጋውም ሆነ ጊዜው ከባድ አይደለም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ፎርማኑ አባቷ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ትናንት የመጣች። “ጋሽዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ ግን ይሄኛው ቀጥኗል፣ አይገባም” ማለት መቻል አለባት። ሳትሳደብ፣ ሳትፈራ። ባሬላ ተሸካሚዎቹም ክፉ ሆነው አይደለም ውሃ ጨምሩ የሚሉት። ቫይብሬተሩ ተበላሽቷል፣ የደረቀ አርማታ በእንጨት ሲወጋ ክንድ ይቆርጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቫይብሬተሩን አሠሪላቸው፣ ከዚያ ስለ ውሃ ተናገሪ። ይህን የሚያስተምር የኮርስ ኮድ አላየሁም።

የአርማታው ናሙና፣ ኩቡ፣ ላቦራቶሪ ተፈትኖ አልፏል የሚሉኝ አሉ። አንድ ሳይት ላይ ለኩቡ ብቻ ተብሎ በጥንቃቄ፣ ውሃው ተቆጥቦ ለብቻው ሲቦካ በዓይኔ አይቻለሁ። በ28 ቀኑ ውጤቱ ግሩም ነበር። ኮለኑ (ምሰሶው) ግን ከዚያ ቡኮ አልተሞላም። ተመራቂው የላቦራቶሪውን ወረቀት ፋይል ማድረግ ብቻ ከተማረ፣ የተማረው ይህን ውሸት በሥርዓት ማስቀመጥ ነው።

ከተሞላ በኋላ አርማታውን ውሃ ስለ ማጠጣት አላበዛም። በበጋ የአዲስ አበባ ፀሐይና ነፋስ አርማታውን ከላይ እንዴት እንደሚያደርቀው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ያልሞላ ሰው መሙላት ባይጀምር ይሻለዋል።

ልጆቼ ከእኔ ጋር ታክሲ ውስጥ ሆነው “ይሄ የአባዬ ሕንፃ ነው” ይላሉ። የሚያዩት መስታወቱን ነው። እኔ የማየው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥግ ያለችውን ኮለን ነው። ዝናባማ ቀን ነበር፤ ለእሷ የመጣውን የቀጠነ ቡኮ አስደፍቻለሁ፣ ተቋራጩም አኩርፎኝ ሰነበተ። አሁን ልስን ለብሳ፣ ቀለም ተቀብታ፣ ሱቅ ውስጥ ቆማለች። ከእኔና የዚያን ቀን ከነበሩት ሠራተኞች በቀር የሚያውቅ የለም። ሲከፋኝ በዚያ በኩል አልፋለሁ።

ስለዚህ ተቋራጮችና አማካሪዎች፣ አዲስ ተመራቂ ሲላክላችሁ ቢሮ አታስቀምጡት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሚክሰሩ አጠገብ አቁሙት። የውሃውን መዝገብ እሱ ይፈርም፤ የቀጠነውን የማስደፋት ሥልጣንም በጽሑፍ ስጡት፣ ፎርማኑም እንዲያውቅ። ኢታብሱን ማታ ማታ ይማራል።