ስንቅና ሸቀጥ

በአዲስ አበባ ትልልቅ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች መደርደሪያ ላይ፣ ከባሕር ማዶ በመጡት ቆርቆሮዎች አጠገብ፣ የአገር ቤት ማጀት በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ምጥን ሽሮው፣ የተሰናዳው በርበሬ፣ ድርቆሹና ቋንጣው በሚያብረቀርቅ ከረጢት ታሽገው፣ ቁሌቱና ዶሮ ወጡ ደግሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆነው ገዢን ይጠብቃሉ። በከረጢቱ ላይ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከመሶብ አጠገብ ቆማ ትስቃለች፤ ከራሷ በላይ «ልዩ» የሚል ቃል በወርቅማ ቀለም ተጽፏል። ዋጋው ከመርካቶ የባልትና መደብ ጋር ሲነጻጸር ገዢውን ለአፍታ ቆም ያሰኘዋል። ይህ ጭማሪ ለምኑ ነው? ለምግቡ፣ ለከረጢቱ ወይስ ለሥዕሉ?

ጥያቄው በሌላም አገር ተደጋግሞ የተነሣ ቢሆንም መልሱን ከዚያ መዋስ አይቻልም። በእንግሊዝ አገር ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ቺክን ኪየቭ የተሰኘውን፣ በመሐሉ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ቅቤ የተሞላ የዶሮ ሥጋ አሰናድቶና አቀዝቅዞ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ለገዢው የሸጠለት የምግብ ቤት ማዕድ ነበር። ገዢው ዋጋውን ከምግብ ቤት ሒሳብ ጋር አስተያይቶ «ረክሷል» ይላል። የኢትዮጵያው ገዢ ግን የታሸገውን ሽሮ የሚያስተያየው ከምግብ ቤት ሽሮ ጋር ሳይሆን ከእናቱ ሽሮ ጋር ነው። በእናት ማጀት ደግሞ ድካም በብር ተተምኖ አያውቅም። የእህሉ ዋጋ ይታወቃል፣ የወፍጮው ይታወቃል፤ ለቀማው፣ አጠባው፣ ቁሊያው፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ከዶሮና ከዝናብ መጠበቁ በሒሳቡ ውስጥ የለም። ሚዛኑ ከመነሻው የተዛባ በመሆኑ በአንድ በኩል ማንኛውም ዋጋ ውድ መስሎ ይታያል፤ በሌላ በኩል ሻጩ የፈለገውን ቢጠይቅ የሚሞግትበት መለኪያ አይገኝም።

ተሰናድቶ የሚቆይ ምግብ ለዚህ ምድር እንግዳ አለመሆኑንም ማስታወስ ተገቢ ነው። ስሙም ስንቅ ነው። ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ በውኃ ብቻ የሚበጠበጠው በሶ፣ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ የሚሰናዳው የኦሮሞ ጭኮ፣ እንጀራው ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚቀመጠው ድርቆሽ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ በገመድ ላይ የሚሰቀለው ቋንጣ፣ ሁሉም የነጋዴ፣ የዘማችና የመንገደኛ ምግቦች ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የተመመው ሠራዊት እሳት ሳያነድድና ወጥ ሳይሠራ ሊበላው የሚችለው ነገር ምን ዓይነት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ከኢትዮጵያ ደንበር ባሻገርም ነገሩ ያው ነው። ሶማሌዎች ሥጋውን በጥቃቅኑ ከትፈው፣ አድርቀውና ጠብሰው በቅቤ ውስጥ ያኖሩታል፤ ሙቅማድ ወይም ኦድካዕ ይሉታል። የሰሜን ኬንያ አርብቶ አደሮችም ኚሪኚሪ የሚሉት ከዚህ የማይርቅ የደረቅ ሥጋ ስንቅ አላቸው። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይሰነብታል፤ መሰንበቱም ያሻሽለዋል እንጂ አያበላሸውም።

ስለ ማሸጊያ ከተነሣ የሶማሌዎቹ ሔዶ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ሙቅማድና ተምር የያዘው ዕቃ በሙሽራዪቱ ወገን እንደ ሙሽራ ተሸፍኖና በገመድ ተተብትቦ ይቀርባል፤ የሙሽራው ዘመዶች ገመዱን ሳይቆርጡ መጀመሪያና መጨረሻውን አግኝተው መፍታት ይጠበቅባቸዋል። ዕቃው ከምግቡ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ይሁንና ማሸጊያው የአሻጊዎቹን ብልሃት ለእንግዳው ያሳያል እንጂ በውስጡ ያለውን አይደብቅም። ከመደርደሪያው ከረጢት የሚለየውም በዚሁ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንዳንድ ምግብ ሙያው የሚያበቃው ከመታሸጉ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጊዜ አይጎዳውም፣ ወይም ጥቂት ብቻ ይጎዳዋል። ሌላው ምግብ ከምጣዱ ወይም ከድስቱ ከወረደባት ደቂቃ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። ለመጀመሪያው የተጠየቀው ዋጋ ከፍ ቢልም ብዙ ጊዜ ሊከፈል የሚገባ ነው። ለሁለተኛው የሚከፈለው ግን ለምግቡ ሳይሆን ለትዝታው ነው።

ምጥን ሽሮን እንመልከት። አተሩ ወይም ሽምብራው ይለቀማል፤ ይታጠባል፤ ለብ ባለ እሳት ይታመሳል፤ ይከካል፤ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ከዚያ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ተመጥኖ ይገባበታል፤ ስሙም ምጥን የተባለው ስለዚህ ነው። እንደገና ደርቆ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። የብዙ ቀን ሥራ ተሠርቶ በመጨረሻ የሚቀረው ውኃ ማፍላት ብቻ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለማዕድ የሚደርሰው ይህ ምግብ፣ ማንም «የተዘጋጀ ምግብ» ብሎ ሳይጠራው በፊት፣ ከየትኛውም የባሕር ማዶ ሸቀጥ የተሻለ የተዘጋጀ ምግብ ነበር። በዚህ ላይ ዋጋ ቢጨመር ገዢው የሚከፍለው ለእውነተኛ ድካም ነው።

ነገር ግን ዋጋ የጨመረ ሻጭ ግዴታም ጨምሯል። ከሚታሸጉት ሽሮዎች በብዙዎቹ ላይ «ንጹሕ»፣ «ባህላዊ»፣ «የእናት እጅ» የሚሉ ቃላት በትልቁ ሲታተሙ፣ ዱቄቱ የአተር፣ የሽምብራ፣ የባቄላ ወይስ የድብልቅ መሆኑ፣ ድብልቅም ከሆነ ከየትኛው ምን ያህል እንደገባ አይነገርም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጓያ ርካሽ ነው፤ ለብዙ ጊዜ በብዛት ሲበላም እግርን እንደሚያሽመደምድ ባላገሩ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያውቀው እውነት ነው። መርካቶ መደብ ላይ የተቀመጠችው ባለሙያ ዱቄቷን በእጇ አንሥታ ታሳያለች፤ ገዢዋ ታሸትታለች፣ ትቀምሳለች፣ ትከራከራለች፣ ካልጣማት ወደ ጎረቤቷ መደብ ትሻገራለች። ከረጢቱ ይህን ሁሉ ስለሚከለክል በምትኩ በጽሑፍ መናገር ነበረበት። ስለ ሻጋታም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ የሽሮና የበርበሬ ናሙናዎች በአንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ማግኘቱን ገልጿል። በደንብ ሳይደርቅ የታሸገ በርበሬ በከረጢት ውስጥ ያለው ዕድል በጆንያ ውስጥ ካለው የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ስለሆነም «ልዩ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው የተመረመረበትን ቀንና የታሸገበትን ወር ሲያስከትል ነው። ያለዚያ ወርቃማው ቀለም ቀለም ብቻ ነው።

ወደ ማቀዝቀዣው ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ዶሮ ወጥ የበዓል ምግብ ነው፤ የድካሙን ያህል የክብርም ምግብ ነው። ዶሮዋ በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባ፣ በ12 ብልት ተገንጥላ፣ ከፈረሰኛው እስከ መላላጫው እያንዳንዱ ብልት የሚገባውን ሰው አግኝቶ የሚታደልበት ሥርዓት ነው። በማቀዝቀዣ የሚሸጠው ዶሮ ወጥ ከዚህ ውስጥ ሊያቆይ የሚችለው ምኑን ነው? ቀይነቱን ያቆያል፤ የሽንኩርቱን ጣዕምም በአብዛኛው ያቆያል። እንቁላሉ ግን ተቀቅሎ በረዶ ከሆነ በኋላ ነጩ እንደ ላስቲክ ይጠነክራል፤ ይህ የማንም ባለሙያ ስንፍና ሳይሆን የእንቁላሉ ጠባይ ነው። ዶሮውም ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ዶሮ ነው፤ የአበሻ ዶሮ የሚጠይቀውን ረጅም ማብሰል ስለማይችል መጀመሪያ ሲሠራ አንድ ጊዜ፣ ገዢው ቤት ሲሞቅ ሁለተኛ ጊዜ በስሎ ከአጥንቱ ይለያል። በዚህ ላይ መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ የማቀዝቀዣ ምግብ ስንት ጊዜ ቀልጦ ስንት ጊዜ እንደረጋ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ክብደትም አብዛኛውን ጊዜ የሥጋውን ድርሻ ከመረቁ አይለይም፤ ገዢው ቤቱ ደርሶ ሲከፍተው በዶሮ ዋጋ ሽንኩርት እንደገዛ ይረዳል።

ከዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን ቁሌቱ የተለየ ፍርድ ይገባዋል። የዶሮ ወጥ አድካሚው ክፍል ሽንኩርቱ ነው። ተልጦ፣ ደቅቆ፣ ዓይን አስለቅሶ፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት በዝግታ እየተቁላላ፣ እንዳያር ከአጠገቡ ሳይጠፉ እየተማሰለ፣ በርበሬው ገብቶበት እንደገና እየተቁላላ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ቁሌት በበረዶ አይጎዳም፤ የሚበላሽ እንቁላል የለበትም፤ የሚፈራርስ ሥጋ የለበትም። ገዢው ዶሮውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ አጥቦና ገንጥሎ፣ እንቁላሉን በዕለቱ ቀቅሎ ይጨምርበታል፤ ንጥር ቅቤውንና መከለሻውን በራሱ እጅ ያደርጋል። ድካሙ ተገዛ፤ ማዕዱ ግን የቤቱ ሆኖ ቀረ። በመደርደሪያዎቹ ላይ ካሉት ሁሉ ዋጋውን ያለ ክርክር የሚያወጣ አንድ ነገር ይመረጥ ቢባል ቁሌቱ ነው። የሚያስገርመው፣ ገበያው ይህን እያወቀ ዶሮ ወጡን በትልቁ እያስተዋወቀ ቁሌቱን ከሥር መደበቁ ነው።

የእንጀራው ጉዳይ ከሁሉም የተለየ ነው። እንጀራ መግዛት በአዲስ አበባ ዛሬ ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የብዙዎቹ ወጥ ቤት ምጣድ የሚያስቀምጥ አይደለም፤ ለመጋገሪያና ለማረጃ ተብሎ በግቢው የጋራ ቤት መሠራቱ ራሱ የቤቱን ጥበት የሚመሰክር ነው። ሊጡን አቡክቶ ሦስት ቀን መጠበቅ፣ ከላይ የረጋውን ውኃ መድፋት፣ አብሲት መጣል፣ ኩፍ እስኪል ማየት፣ ከሥራ ማታ ለምትገባ ሴት የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ከሱቅ እንጀራ መግዛት የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያጠያይቀው በመደብሩ ውስጥ «ልዩ» ተብሎ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ከጉልቱ እንጀራ በብዙ የሚበልጥ ዋጋ የሚጠየቅበት ነው። እንጀራ ላስቲክ ውስጥ ያልበዋል፤ ዐይኑ ይጠፋል፤ በማግስቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ጧት የተጋገረው የጉልቱ እንጀራ ከትናንት ወዲያው «ልዩ» እንጀራ ይሻላል። እርግጥ ነው፣ ጀሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚል ዜና በተደጋጋሚ የሰማ ከተሜ ለንጽሕና ዋስትና ሲል ቢከፍል አይፈረድበትም። ያን ጊዜ ግን የሚገዛው ጣዕም ሳይሆን እምነት መሆኑን አውቆ መግዛት አለበት፤ ሻጩም የዱቄቱን ዓይነት፣ ነጭ ጤፍ ነው ሠርገኛ ወይስ ሌላ የተቀላቀለበት፣ ጽፎ መሸጥ አለበት።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ገዢው ነው። ዋጋው የሚደርሰው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከገዢው ጥያቄ አይተናነስም። በአማርኛ ሙያ የሚለው ቃል የአናጢውን፣ የሐኪሙንና የመካኒኩን ሥራ ይጠራል፤ «ሙያ ያላት ሴት» ሲባል ደግሞ የወጡና የጠላው ጥበብ ይነሣል። ሁለቱ በአንድ ቃል ሲጠሩ የኖሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሲከፈልበት የኖረ፣ ሁለተኛው ሲመሰገንበት ብቻ የኖረ ነው። ባልትና የሚለው የንግድ ፈቃድ ላይ ሲጻፍ፣ በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ የማጀት ሥራ በብር መቆጠር ጀመረ ማለት ነው። ይህን ከፍ ያለ ዋጋ በደፈናው «ብዝበዛ» የሚሉ ሰዎች ይህን ያስተዋሉት አይመስልም፤ እናታቸው በነጻ የሠራችው ሽሮ በእርግጥ ነጻ ነበር ብለው ያምናሉ። በሌላ በኩል ዋጋው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሽንኩርቱን የምትልጠውና በርበሬውን የምትቀነጥሰው ሴት የቀን ሒሳቧ አብሮ ካልወጣ፣ ጭማሪው የተከፈለው በከረጢቱ ላይ ለምትስቀዋ ሥዕል እንጂ ለእርሷ አይደለም። ሥዕሏም የምታሳየው ሰፌድ ይዛ ከመሶብ አጠገብ የቆመችን እመቤት ነው፤ በዓይኗ እንባ እየወረደ ሽንኩርት የምትከትፈዋን አይደለም።

ሕዝቡ የራሱን ፍርድ የሚሰጥበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ወደ ጂዳ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን የምትሄድ ልጅ ሻንጣ የሚሞላበት ሌሊት ነው። ኪሎው የተወሰነ ስለሆነ እያንዳንዱ ነገር ይመዘናል፤ የማይረባው ተመልሶ ይወጣል። በርበሬው ይገባል፤ ሽሮው ይገባል፤ ሚጥሚጣው፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ ይገባሉ። ዶሮ ወጥ የሚጭን የለም። እናቶች በፌስታል ላይ ፌስታል ደርበው ይቋጥሩት የነበረውን አሁን አንዳንዶቹ ከመደብር ታሽጎ የመጣውን ይመርጣሉ፤ ፊደል የታተመበት ከረጢት በባዕድ አገር ጉምሩክ ፊት ከተቋጠረ ቀይ ዱቄት ይልቅ ጥያቄ አያበዛምና። ለዚህ አገልግሎት የሚከፈለው ጭማሪ ያስቆጫል የሚል አልተሰማም። ቋንጣው ብቻ ዕድል የለውም፤ የአሜሪካ ሕግ ከኢትዮጵያ በእጅ የሚመጣ ሥጋ ስለማያስገባ፣ የታሸገም ሆነ የተቋጠረ፣ ልዩም ሆነ ተራ፣ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።