አራት ደቂቃው የት ገባ?

ባኒያስ ከአቡ ዳቢ ደሴት ወጥቶ ወደ አል አይን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን የወረሰው ከባኒ ያስ ጎሳ ነው። በበጋው ወራት የውጭው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ መንገዱ ጭር ይላል፤ ሰው ሁሉ ኤሲው ሥር ይሰበሰባል። እንዲህ ባለ አንድ ቅዳሜ ቀን ነው አንድ ሐበሻ ጠጋኝ ከአገሩ ልጆች ቤት የተጠራው። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዴስክቶፕ ተቀምጧል። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን እዚያው አገር በሥራ ያሳለፉ ጎልማሳ ናቸው።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ሲከፈት ዕድሜ ይጨርሳል። ቡና ተፈልቶ ይደርሳል እሱ ሳይነሳ። ቫይረስ ነው መሰለኝ፤ ፎርማት አድርግልኝና ልገላገል፣ ልጄ።»

ጠጋኙ ፍላሹን ከቦርሳው አላወጣም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ቤት ከቀየርን ወዲህ» አሉ።

ይህች መልስ የዚያን ቀን ሥራ ግማሹን ሠርታለች። ብዙ ጠጋኝ ግን ጥያቄዋን አይጠይቅም። ኮምፒውተር ዘገየ ሲባል ፎርማት ማድረግ በመርካቶም በአቡ ዳቢም ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት ሆኗል። አንዳንዴ ይሠራል፤ ለምን እንደሠራ ግን ማንም አያውቅም። በዚህ መሀል የልጆች ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ የቤተሰብ ሰነድ ይጠፋል። ስደት ላይ ላለ ሰው ደግሞ የዚህ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ በላይ ነው።

ጠጋኙ ስልኩን አውጥቶ ሰከንድ መቁጠሪያውን ከፈተ፤ ኮምፒውተሩን አስነሳና ዝም ብሎ ተመለከተ። ከማብሪያው እስከ ፋብሪካው ምልክት 9 ሰከንድ። ከምልክቱ ጀምሮ፣ ነጥቦቹ ክብ ሠርተው እየዞሩ፣ ፓስወርድ እስኪጠይቅ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። ፓስወርዱ ከገባ በኋላ ማውሱ እሺ እስኪል ሌላ 50 ሰከንድ። በድምሩ ከአራት ደቂቃ በላይ።

«ዘገየ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። የት ላይ ዘገየ? ኮምፒውተር ሲነሳ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ራሱን፣ ራሙንና የተሰካበትን ሁሉ ይፈትሻል። ቀጥሎ ዊንዶውስ ከዲስክ እየተነበበ ወደ ራም ይገባል። በመጨረሻ ሳይጠሩ የሚነሱ ፕሮግራሞች ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ በሽታ አለው። ሦስቱን ለይቶ ያልቆጠረ ጠጋኝ በግምት ይሠራል፤ በግምት የሚሠራ ደግሞ የሰው ገንዘብ ያባክናል።

ሰከንድ መቁጠር ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ፣ ከማኪንቶሽ ቀደምት መሐንዲሶች አንዱ የሆነው አንዲ ኸርትዝፌልድ የጻፈውን ያስታውስ። ማሽኑ ለገበያ ከመብቃቱ በፊት፣ በ1983፣ ስቲቭ ጆብስ ላሪ ኬንየን ወደተባለው መሐንዲስ ቀርቦ ማኪንቶሽ ሲነሳ ይዘገያል አለው። አምስት ሚሊዮን ሰው በየቀኑ ይህን ማሽን ቢያስነሳና ከያንዳንዱ ላይ 10 ሰከንድ ቢቀነስ፣ በቀን 50 ሚሊዮን ሰከንድ ይተርፋል፤ ይህም በዓመት የብዙ ሰዎች ሙሉ ዕድሜ ነው ሲል አስረዳው። ከወራት በኋላ ማኪንቶሽ ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጥኖ መነሳት ጀመረ።

የጋሼ ኮምፒውተር ጊዜውን የበላው መካከለኛው ቦታ ላይ ነው። እዚያ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ በተለይ በዴስክቶፕ የተለመደው ዓይነት፣ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር ከ8 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። አንባቢው ክንድ ቦታውን እስኪያገኝና የሚፈለገው መረጃ ዞሮ እስኪደርሰው ለእያንዳንዷ ቁራጭ ፋይል 10 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚፈልጋቸው ቁርጥራጮች ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩና የተበታተኑ ናቸው። በኤስኤስዲ ላይ የሚዞርም የሚንቀሳቀስም ነገር ስለሌለ ያው ሥራ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ለአሮጌ ዴስክቶፕ ከኤስኤስዲ የበለጠ ጠቃሚ ዕቃ የለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሆኖም ያ ማሽን እስከ ባለፈው ቤት ድረስ በዚያው ሃርድ ዲስክ ደህና ይነሳ ነበር። ስለዚህ ጠጋኙ ኤስኤስዲ ከመሸጡ በፊት ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን ማስታወሻ ከፍቶ አነበበ። 05 የሚለው መስመር፣ ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎችን የሚቆጥረው፣ ዜሮ ነው። ሲ5 የሚለው፣ ለማንበብ ያስቸገሩትን የሚይዘው፣ እሱም ዜሮ። ሲ7 ላይ ሲደርስ ግን 1412 ይላል። ሲ7 የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መንገድ ላይ የተበላሸ መረጃን ነው። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብም ቁጥር 129ን ደጋግሞ ጽፏል፤ ትርጉሙ «ዲስኩ መልስ አልሰጠኝምና እንደገና ቀሰቀስኩት» ማለት ነው።

ዲስኩ ጤነኛ ነው። የታመመው መንገዱ ነው።

ሳጥኑ ተከፈተ። ቀዩ የሳታ ኬብል፣ ጣት የማያህል ጠፍጣፋ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ሰባት ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ቤት ሲቀየር ሳጥኑ በጎኑ ተጭኖ ሳይንገላታ አልቀረም፤ የኬብሉ ጫፍ ከዲስኩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ጎብጧል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን የተበላሸ ንባብ እንደገና እየጠየቀ፣ እንደገና እየጠበቀ ነው ሦስት ደቂቃውን የጨረሰው። አዲስ ኬብል ገባ፤ እስኪቆልፍ ተጫነ። 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንዱ ወደ 41 ሰከንድ ወረደ።

ከዚህ በኋላ ለሦስተኛው ቦታ ብዙ ጊዜ ማጥፋት አላስፈለገም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ በሚመጣው ታስክ ማናጀር ውስጥ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ተዘርዝረዋል። ጋሼ የማያውቋቸው ሦስቱ እንዳይነሱ ተደረገ፤ አንቲቫይረሱና የአማርኛ መጻፊያው ቀሩ።

ስለ ሙቀትና አቧራም ይጠየቃል፣ በተለይ በዚያ አገር። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ግን ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ማሽን ጠዋት ገና ሲነሳ የሚዘገይ ከሆነ፣ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ካልተነቀለ በቀር፣ አቧራው ጥፋተኛ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው የሚያታልል ሌላ ነገር አለ። በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሸት ዳውን» ማለት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም። ቶሎ እንዲነሳ ሲባል የውስጡን ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። እውነተኛው አዲስ አነሳስ «ሪስታርት» ነው። ለወራት በየማታው ሲጠፋ የቆየ ኮምፒውተር አንድም ቀን በትክክል ላይታደስ ይችላል።

መዘግየቱ ገና ነጥቦቹ መዞር ሳይጀምሩ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከዱባይ ተገዝተው ወደ አዲስ አበባ በሚሄዱ አሮጌ ማሽኖች ላይ ይህ ይታያል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሲአር2032 ትባላለች፤ ቁጥሩ መጠኗን ይናገራል፣ ስፋቷ 20፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር። እሷ ስትሞት ቀኑ ወደ ፋብሪካው ዘመን ይመለሳል፤ የተስተካከለው የአነሳስ ተራም ይረሳል፤ ማሽኑ ከዲስኩ በፊት በኔትወርክ ገመዱ በኩል ዊንዶውስ ሲፈልግ ይቆማል። ባለቤቱ «ኢንተርኔቱም እምቢ አለ» ይላል፤ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የድረ ገጾችን የደህንነት ምስክር ወረቀት አያምንምና። መድኃኒቱ አንዲት ባትሪ ናት፣ ከዚያ ሰዓቱንና ተራውን ማስተካከል።

ጠጋኙ ከመሄዱ በፊት ጋሼን ውጫዊ ዲስክ እንዲያመጡ ጠየቀና ፎቶዎቹን ሁሉ ገለበጠላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ ማስታወሻውን እንዲያነቡለት አደረገ። የሲ7 ቁጥር ኬብል ቢቀየርም አይጠፋም፤ መዳኑ የሚታወቀው መጨመሩን ሲያቆም ነው። አሁንም 1412 ላይ ነበር።

ኮምፒውተራችሁ መዘግየት ከጀመረ እናንተም ሰከንዱን ቁጠሩ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አስታውሱ፣ ፎቶዎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ለጠጋኝ የምትሰጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።