የድሮ ዜማ ወይስ የድሮ ቴፕ?

አዲስ ዘፈን ተከፍቶ «ይሄ የድሮ ነው እንዴ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ያስረጀው ዕድሜ ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። የቴፕ ክር ድምፅ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የሞገዱን ጫፍ ያለዝበዋል፤ በዋናው ድምፅ ላይም ተጨማሪ ሃርሞኒኮች ይወልዳል። «ሽሽ» የሚለው ድምፅም አብሮ ይመጣል። ጆሯችን ይህን «ሞቅ ያለ» ይለዋል። ዛሬ ሶፍትዌር ሁሉንም በሒሳብ ይሠራዋል።

ችግሩ፣ አቧራውን መቅዳት ሙዚቃውን ከመቅዳት ይቀላል። ደቻቱ ወንዝ ለሁለት የከፈላትን ድሬዳዋን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፍራን ቀሎ የተባለው ቡድን እዚህ ተነሳ፤ ታዳጊው አሊ ቢራም ከዚያው ወጣ። አሊ ኡድ እየተጫወተ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛና በአማርኛ አዜመ። የዚያ ድምፅ ምንጭ ብዙ ቋንቋ የሚነገርበት ሰፈር ነው። ታዲያ የቴፑን ሽሽታ ብቻ ጨምሮ «የድሬ ድምፅ» ማለት ምን ይሉታል?

መበደር ነውር አይደለም። ናስና ዴሚየን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 «አዝ ዊ ኢንተር»ን ሲሠሩ ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው ወሰዱ፤ በዚያ ዙር ላይ ግን ስንኝ እየተቀባበሉ የራሳቸውን ዘፈን ሠሩ።

እስቲ ሞክሩት፦ አዲሱን ዘፈን ዝጉትና በአፋችሁ አንጎራጉሩት። ሽሽታውም ማሚቶውም ይጠፋል፤ የሚቀረው ዜማና ምት ነው። ምንም ካልቀረ፣ የተበደረው መጠቅለያውን ብቻ ነው። አሊ ቢራ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፏል፤ የዘመኑ ሰዎችም እያለፉ ነው። ሽሽታውን ማሽን ይሠራዋል፤ ዜማውንና ምቱን ግን ከሰው መማር የሚቻለው ሰው ሳለ ነው።